ሳላሳየው የተውኩት ምድጃ

እህት ዓለም፣

ይህ ወረቀት በደህና እጅሽ ይግባ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ሥራሽን ቀነሱልሽ ወይስ አሁንም ከተማው ውስጥ ሌላ አዋላጅ የጠፋ ይመስል አንቺኑ ከምሳሽ ላይ ያስነሱሻል? እኔ "ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሦስቴም እጄ እምቢ አለኝ። በሕይወት አለሁ። ለጊዜው እሱን ያዢልኝ።

የምጽፍልሽ ከተራራው ግርጌ ካለው የጥበቃ ጣቢያ ሆኜ ነው። አንድ ረጅም ክፍል፣ ሦስት የብረት አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ጠርዙ የተበላ ካርታ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፤ ሌላ ነገር የለውም። ስልክ እዚህ አይሠራም። ያለው ከዋናው ጽሕፈት ቤት ጋር ብቻ የሚያገናኝ ሬዲዮ ነው። በየሦስት ቀኑ እንጨት የሚጭን መኪና ስለሚያልፍ ደብዳቤውን ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

አሁን ተቀመጪ። ደብዳቤ ሲመጣልሽ ቦርሳሽን ከትከሻሽ ሳታወርጂ፣ በሩ ላይ ቆመሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ። እባክሽ ተቀመጪ።

ባልሽ ተራራው ላይ ቀርቷል። ብቻውን ነው። እግሩን ተጎድቷል።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድንጋያማውን ቁልቁለት ስንወርድ ተንሸራቶ ገደል ቢጤ ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚቱ ነው። ደግፌም ጎትቼም ጣራው ግማሹ ወደ ፈረሰ አንድ የድንጋይ መጠለያ አደረስኩትና ድንኳኑን እዚያ ውስጥ ተከልኩለት። ሲነጋ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ አለው። ሁለታችንም እዚያ ብንቀመጥ የሚፈልገን የለም፤ ስለዚህ እኔ ለእርዳታ ወረድኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚህ ደረስኩ።

ሁለቱም የመኝታ ከረጢት እሱ ጋር ነው። የአራት ቀን ምግብ አለው። የሌለው ውሃ ነው። እዚያ ላይ ያለው ሁሉ በረዶ ነው፤ ካልቀለጠ አይጠጣም። ለማቅለጥ ደግሞ ምድጃው አለው፣ የቤንዚን ጠርሙሱም ከግማሽ በላይ ነው። አትጨነቂ። ምድጃው አስተማማኝ ነው። አለኳኮሱንም አሳይቼዋለሁ።

ጣቢያውን የሚመሩት ሰውዬ ጢማቸው ከሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ነው። ሠራተኞቻቸው በግልጽ "ጢሞ" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም "አቤት" ይላሉ። ደግ ሰው ይመስላሉ። እኔ ከደረስኩ ጀምሮ ግን ተራራው በሩን ዘግቷል። ጭጋጉ እስከ መስኮታችን ወርዶ፣ ግቢው ውስጥ ያለው የውሃ ታንከር እንኳ አይታይም። ለዋናው ጽሕፈት ቤት በሬዲዮ ሲያሳውቁ "ለቤተሰብ ይነገር ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። "አይ፣ እኔው እነግራታለሁ" አልኩ።

ይኸው እየነገርኩሽ ነው።

*

በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ

እህት ዓለም፣ ትናንት ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ልጽፍ ነበር። ግን ባልሽ ትዝ አለኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ስህተት ሲያገኝ አይፍቅም፤ በቀይ ያሰምርበትና አጠገቡ ትክክሉን ይጽፋል። ተራራ ላይ እንኳ የመንገድ ምልክት ላይ የፊደል ግድፈት ሲያይ እርሳሱን ያወጣ ነበር። "አራሚው" ብዬ ያወጣሁለት ስም ያለ ነገር አልወጣለትም። እንግዲህ እኔም እንደሱ ላድርግ።

ምድጃውን አላሳየሁትም።

ምድጃ ልንገዛ የሄድን ቀን አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ሱቁ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ገመድና የተራራ ጫማ ከጣራዋ ይንጠለጠላል። ባለሱቋ ዐሥር ዓመት ተራራ ስትመራ ኖራ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው ሱቅ የከፈተችው። ዕቃ ከማሳየቷ በፊት ጠየቀችን። ስንት ሰው ናችሁ? ስንት ቀን? ከፍታው የት ድረስ ነው? ውሃ ታገኛላችሁ ወይስ በረዶ ታቀልጣላችሁ? ባልሽ ጥያቄዎቿን በትንሿ ደብተሩ ላይ ጻፋቸው። መልሱን ሳይሆን ጥያቄዎቹን! እንዴት እንደሳቅኩበት።

ከዚያ ሦስት ምድጃ ደረደረችልን። አንደኛዋ ቡጢ የማታክል፣ በታሸገ የጋዝ ቆርቆሮ አናት ላይ የምትጠመዘዝ ናት። "ይቺ ማንንም አታስቸግርም" አለች፣ "ክብሪት ነው የምትፈልገው። ግን ብርዱ ሲበረታ ጋዙ ያንቀላፋል። ቆርቆሮው ሲያልቅባችሁ ደግሞ የገጠር ሱቅ ውስጥ አታገኙትም።" ሁለተኛው የራሱ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ከሆዱ ጋር የተበየደ፣ ጠንካራ ግን ጡብ የሚያክል ነው። ሦስተኛው በቀጭን ቱቦ ከጠርሙስ ጋር የሚገናኝ። "ይሄ ቤንዚንም ላምባም ይጠጣል" አለች። "ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ድስት ያጠቁራል። በረዶ ላይ ግን አይከዳም። ቢበላሽ በአንዲት ቁልፍ ፈታችሁ፣ ጠርጋችሁ ትገጥሙታላችሁ።"

ሳትጨርስ "እሱን" አልኩ። ባልሽ የመጀመሪያዋን ፈልጎ ነበር። "የኔ እጅ ለብረት አልተፈጠረም፤ ቀላሏን እንያዝ" አለ። እኔ ደግሞ "ብርዱ ላይ ስታንቀላፋብህ ዘፈን ልትዘፍንላት ነው?" አልኩት። ልክ ነበርኩ። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው፤ ዛሬም ስለ ምድጃው ልክ ነኝ።

ባለሱቋ ግን ምድጃውን ወደ እኛ ስትገፋው "አስተማማኝ ምድጃ የሚባል ነገር የለም" አለች። "የሚያውቀው ሰው አብሮት ያለ ምድጃ ነው ያለው። ሁለታችሁም እዚሁ ፈታችሁ፣ ገጥማችሁ፣ ለኩሳችሁ ውሰዱት።" ባልሽ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። እኔ "አውቶቡስ ያመልጠናል፣ ቤት አሳየዋለሁ" አልኩ። አውቶቡሱ ገና አርባ ደቂቃ ነበረው። ሴትየዋ አየችኝና "እንግዲህ አደራ" ብላ ትርፍ የላስቲክ ጎሚኒና የመጥረጊያ መርፌ ያለባትን ትንሽ ከረጢት ሰጠችኝ። ለሱ አይደለም፣ ለኔ።

ቤትም አላሳየሁት። ለምን ትዪኝ እንደሆነ፣ እህት ዓለም፣ እንዲህ ነው። አንቺ ቤት ማዕድ ላይ እሱ የማያውቀው ነገር የለም። ታሪኩን ያውቃል፣ ቃላቱን ያውቃል፣ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም የሚያዳምጠው እሱን ነው። እኔ አሳንሰር የምጠግነው ወንድምሽ ነኝ፤ ጨው አቀብላለሁ። ተራራ ላይ ግን እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ምድጃውን ስለኩስ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ቁጢጥ ብሎ ያየኛል። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ማጓራት ሲጀምር "ጎበዝ!" ይለኛል። ያቺን "ጎበዝ" ለማንም ማካፈል አልፈለግኩም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በአንዲት ቃል ስስት ተይዤ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ተውኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከድንኳን ስወጣ ምድጃውን ዘርግቶ፣ ቱቦውን ገጥሞ፣ ፓምፑን ይዞ አገኘሁት። ነጠቅኩት። "አታበላሽብኝ!" አልኩት፣ ልክ የኔ ብቻ እንደሆነ። እሱ ሳይቆጣ "አንድ ቀን አንተ ባትኖርስ?" አለኝ። "እኖራለሁ" አልኩ። ተኮራርፈን መንገድ ጀመርን። ጀርባዬን ብቻ እንዲያይ ብዬ ቀድሜ ሄድኩ፣ ፈጠንኩ። ሲወድቅ አጠገቡ አልነበርኩም። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ እንጂ የሱን ድምፅ አልሰማሁም። ደርሼ ሳየው "ይቅርታ፣ አስቸገርኩህ" አለኝ።

ልሄድ ስል ደግሞ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ በረዶ አቅልጬ ቴርሞሱንና ድስቱን ሞላሁለት። ቦርሳዬን ስሸከም "አምስት ደቂቃ ስጠኝ" አለ። "አምስት ደቂቃ ብቻ። ምድጃውን አሳየኝ።" በምዕራብ በኩል ሰማዩ እየጠቆረ ነበር። አንገቴን ብቻ አዙሬ "ቀላል ነው" አልኩት። "ሠላሳ ጊዜ ትነፋለህ፣ ትከፍታለህ፣ ትለኩሳለህ።" ሄድኩ።

ግማሽ ሰዓት እንደወረድኩ ዋናውን ነገር እንዳልነገርኩት ትዝ አለኝ። ቱቦው መጀመሪያ መሞቅ አለበት። ትንሽ ቤንዚን ሥሩ ካለችው ሳህን ላይ አፍስሰሽ፣ እሱን ለኩሰሽ፣ ሊጠፋ ሲል ነው ቀስ አድርገሽ የምትከፍቺው። ቱቦው ሳይሞቅ ከከፈትሽው ቤንዚኑ እንደ ውሃ ይወጣና ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ወገብ ድረስ ይዘላል። ድንኳን ውስጥ ከሆነ ድንኳኑን ይበላል። ካልሆነም ጥላሸቱ ነዳጁ የሚወጣባትን ቀዳዳ ይደፍናታል፤ ምድጃውም በድን ይሆናል። መርፌዋ ደግሞ የኔ ኪስ ውስጥ ናት። አሁንም ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየኋት ነው የምጽፍልሽ።

ቆምኩ። ዞሬ አየሁ። መጠለያው ገና ይታይ ነበር። ለመመለስ አንድ ሰዓት ሽቅብ፣ አምስት ደቂቃ ማሳየት፣ ግማሽ ሰዓት ቁልቁል። ደመናውን አየሁ። ከዚያ ወረድኩ።

ገና አልጨረስኩም። እዚህ ስደርስ ጢሞ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ሳይሆን ይህንኑ ነበር። "ምድጃ አለው?" አሉኝ። "አለው።" "ያውቀዋል?" "አሳምሮ" አልኩ። እህት ዓለም፣ ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ሰማኋት። አፈርኩና ነው። ባለሙያ ተራራ ወጪ ነኝ ብዬ ከገባሁ በኋላ "ሳላሳየው ትቼው መጣሁ" ማለት አቃተኝ። እሳቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነፈሱ። "እንግዲያው ሦስት ቀን ችሎ ይቆያል" አሉ። "በዚህ ጭጋግ ሰዎቼን ገደል አልከትም። ሲገልጥ እንወጣለን።"

ስለዚህ ይኸው ተቀምጠናል። ሁለቱ ጠባቂዎች ካርታ እየተጫወቱ ነው። ጢሞ የተቀደደ ጓንት ይሰፋሉ። በኔ አንድ ቃል ሦስት ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ጭጋግ ይጠብቃል፣ ባልሽም እላይ ሠላሳ ጊዜ እየነፋ ይከፍታል።

አሁን እነግራቸዋለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ እነሳለሁ።

*

የዚያኑ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ

ነገርኳቸው።

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ፣ በጥፊ ቢሉኝም በተሻለኝ። ጓንቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው "ቴርሞሱ ስንት ይይዛል?" አሉኝ። አንድ ሊትር አልኩ። "ድስቱስ?" አንድ ተኩል። በጣታቸው ቆጠሩና "እንግዲያው ዛሬ ጠዋት ጨርሶታል" ብለው ተነሡ። ጫማቸውን ከማሞቂያው ሥር አወጡ። ሁለቱ ጠባቂዎች ካርታቸውን ገልብጠው ተከተሏቸው። ማንም "ጭጋጉስ?" አላለም።

እኔም ልሂድ ብዬ ጫማዬን ማጥለቅ ጀመርኩ። ስወርድ በረዶ የመታቸው የእግሬ ጣቶች ሻማ መስለዋል፤ አልታጠፍም አሉ። ጢሞ አይተው "አንተን የሚሸከም ሰው ትርፍ የለኝም" አሉኝ። "ተቀመጥ። ያንተ ሥራ መቀመጥ ነው።" በሩን ከፍተው ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትናንት ብትነግረኝ ትናንት እሄድ ነበር" አሉ።

አርባ እርምጃ ያህል አየኋቸው። ከዚያ ጭጋጉ ዋጣቸው።

አሁን እላይ ያለው አንድ ሰው አይደለም፣ አራት ነው። አራቱንም እዚያ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

*

በሦስተኛው ቀን

ወሬ የለም። ይዘውት የሄዱት የእጅ ሬዲዮ ሁለት ጊዜ አቃሰተ፤ የሰው ድምፅ ግን አልወጣውም። ወለሉን ወለወልኩ። መስኮቱን ወለወልኩ። እንደገና ወለሉን ወለወልኩ። ዳቦ ቆርሼ አፌ ውስጥ አስገባሁና መዋጥ እንዳለብኝ ረሳሁ።

ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ምድጃ አገኘሁ፤ የኛው ዓይነት፣ ባለ ቱቦ። ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። ፈታሁት፣ ገጠምኩት። ፈታሁት፣ ገጠምኩት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በኋላ ልብ ስል ድምፄን ከፍ አድርጌ እያወራሁ ነው። ባዶውን ወንበር ከፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ "አየህ፣ መጀመሪያ ቱቦው ይሙቅ፤ አትቸኩል፤ ቢጫ ከሆነ ዝጋው፣ ትንሽ ቆይተህ እንደገና ሞክር፤ በጣም ጥሩ፣ እንደሱ ነው" እላለሁ። "ጎበዝ" እላለሁ። ወንበሩን ነው የምለው።

የእንጨት መኪናው አለፈ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ ወጣሁ፣ ወረቀቱን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። "የሚላክ አለ?" አለኝ። የለም አልኩት። ምን ብዬ ልላክልሽ? ባልሽ አለ ወይም የለም ብዬ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለጠላት አይላክም።

የቤታችሁ በር ሥር ያሉት የሱ ነጠላ ጫማዎች ዓይኔ ላይ መጥተው አልሄድም አሉ። ጎን ለጎን አስተካክሎ ነው የሚያወልቃቸው። እኔ ስገባ አንዱን በእግሬ ሳልገፋ የገባሁበት ቀን የለም።

ጸሎት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ዛሬ ችያለሁ። "እሱን አውርድልኝ እንጂ ከኔ የፈለግከውን ውሰድ" አልኩ። ወዲያው ደግሞ ከኔ ምን የሚወሰድ ነገር አለ ብዬ ሳስብ ምንም አጣሁ።

*

በስድስተኛው ቀን፣ ከታችኛው ከተማ ክሊኒክ

እህት ዓለም፣ ይህን ታውቂዋለሽ፤ ያም ሆኖ በእጄ ልጻፈው። ባልሽ በሕይወት ወርዷል።

ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ጢሞ በሩን በእግራቸው በርግደው "ሙቅ ውሃ!" ብለው ጮኹ። ጢማቸው በረዶ ሆኖ ሲናገሩ ይንቋቋ ነበር። ሁለቱ ጠባቂዎች ቃሬዛውን ይዘው ገቡ። ፊቱ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ግን ክፍት ነበር። አየኝ። ስሜን ጠራኝ። እኔ የውሃውን ድስት ይዤ የት እንደማፈሰው ጠፍቶኝ ክፍሉ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ሐኪሙ ከግራ እግሩ በረዶ የመታቸውን ሁለት ጣቶች አንስቶለታል። ቁርጭምጭሚቱ በጄሶ ታስሯል። ይራመዳል ብሏል።

ጢሞ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ጭጋጉ ውስጥ መንገድ ስተው መጠለያውን አልፈውት ሊሄዱ ነበር። ወደ ኋላ የመለሳቸው ድምፅ ነው። አንድ ነገር ያጓራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያጓራል። ምድጃው ነበር። ድምፁን ተከትለው ሲገቡ ባልሽ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ የታመመ እግሩን ቦርሳው ላይ ሰቅሎ፣ ድስቱን ጥዶ ተቀምጧል። ሦስቱን ሰዎች አያቸውና "ሻይ ልጨምር?" አላቸው። ጢሞ ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ለአንድ ድስት የማይበቃ ነበር አሉኝ። ጭጋጉ ደግሞ ይኸው ዛሬም አልገለጠም።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ "እንዴት አድርገህ ለኮስከው?" አልኩት። ጣሪያውን እያየ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ። ደግሜ ጠየቅኩት።

"አትንገረው ብላኛለች" አለ።

ከዚያ ነገረኝ። እኔ ሥራ በምገባባቸው ቅዳሜዎች አንቺ ጋ ባለው ቁልፍ ቤቴ እየገባችሁ፣ ምድጃውን ከቁም ሣጥኔ እያወጣሽ፣ ሰገነቱ ላይ ጋዜጣ አንጥፈሽ እንዳስተማርሽው ነገረኝ። ስድስት ቅዳሜ። መጀመሪያ እያየ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዚያ በጓንት፣ መጨረሻ ላይ እጁን በረዶ ውሃ ውስጥ ነክረሽበት። "ቢጫውን አትመነው፣ ሰማያዊውን ጠብቅ" እንዳልሽው። ቀዳዳዋ ብትደፈን ከብሩሽ ላይ አንዲት ሽቦ ነቅሎ እንዲጠቀም ትንሽ የሽቦ ብሩሽ ቦርሳው ውስጥ እንደከተትሽለት። ተደፍናበትም ነበር፤ ያቺ ሽቦ ናት ያዳነችው።

እኔ ደግሞ ረስቼው! እናታችን ሥራ ውላ እስክትመለስ በላምባ ምድጃ እያበሰለ ያበላኝ ከአንቺ ሌላ ማን ነበር? መፍቻ የሚባል ነገር ሳላውቅ፣ ጠዋት ጠዋት የምነቃው አንቺ ስትነፊው እየሰማሁ አልነበረም? ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ስጠግን አጠገቤ ቆመሽ "ጎበዝ" ስትዪኝ፣ አንድም ቀን "እኔም አውቀዋለሁ" ብለሽ አታውቂም።

"ታዲያ ካወቅከው" አልኩት፣ "ያን ዕለት ስሄድ ለምን አምስት ደቂቃ አሳየኝ አልከኝ?"

ራሱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አራሚው ቃል ሲመርጥ እንዴት እንደሚዘገይ ታውቂያለሽ።

"ምድጃውንማ አውቀዋለሁ" አለ። "ፈርቼ ነው። አምስት ደቂቃ እንድትቆይልኝ ነበር።"

እህት ዓለም፣ ትናንት በክሊኒኩ ስልክ ሲያናግርሽ እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። "ወንድሜን አቅርብልኝ" ስትዪው በስልኩ ውስጥ ድምፅሽ ተሰማኝ። ወደ ውጭ ወጣሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ ልታስተምሪው ስትነሺ ምን ብለሽ እንደሆነ። "ምናልባት ብቻህን ብትቀር" ነው ያልሽው አለኝ። ለምን እንዲህ እንዳልሽ አልጠይቅሽም። እናታችን አልጋ ላይ የዋለችበትን ዓመት፣ እኔ "ለሁለት ሳምንት ነው" ብዬ ከሷ ጋር ብቻሽን ጥዬሽ የሄድኩበትን ዓመት፣ ሁለታችንም እስከ ዛሬ አንስተነው አናውቅም። አንቺ በደግነትሽ፣ እኔ በፍርሃቴ።

ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እንደምትደርሺ ነግሮኛል። ይህን ወረቀት ለተረኛዋ ነርስ እሰጣታለሁ፤ መጀመሪያ እሱን እዪው፣ ከዚያ አንብቢው። አንቺ ከመድረስሽ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ መኪና አለ። ጣቢያው ድረስ ሄጄ ሰዓቱን ጠይቄያለሁ፣ አልዋሽሽም። ቦታ አልያዝኩም። የክሊኒኩ ደረጃ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኚኛለሽ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ በጓሮው በር መውጣት ይቻላል፤ አልቀየምሽም። እኔ ግን ከወንበሩ አልነሣም።

እጅሽ አይዛል። በእጅሽ የሚወለደው ሁሉ እድሜና ጤና ይስጠው። ቤትሽን ፈጣሪ ከነባለቤቱ ይጠብቅልሽ። ጢሞንና ሁለቱን ሰዎች በጸሎትሽ አትርሺልኝ፤ እኔን ቦታ ከተረፈ።

ታናሽ ወንድምሽ